ለበቅሎ መንገድ የሚሆን ጎማ

ክሪስታል፣ ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 23፣ 2025

ውድ ጋሽ ሆርዶፋ፣

ብርዱን እንዴት ይዘውታል? እዚህ ሐይቁ በረዶ ሆኖ መኪና ይነዳበታል፤ ከዚያ ሌላ የምነግርዎት የአየር ወሬ የለኝም።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በኖቬምበር ነው፤ የምመልሰው ዛሬ ነው። በመሀል ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ላለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላወቅሁም። እማዬን ብጠይቃት «አሜን በል፤ ሌላ ምን ትላለህ?» አለችኝ። እንግዲህ አሜን።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ወንድሜ አክሊሉ ስለ ጉዟችሁ ነግሮኝ ነበር። ካርታው እስካሁን ከአልጋው በላይ እንደተለጠፈ ነው። ከከምበርላንድ ተነሥቶ ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ላይ የሚያልቀው የቦይ ዳር መንገድ፣ መቶ ሰማንያ አራት ማይል ተኩል። ድሮ በቅሎዎች በዚያ ላይ እየሄዱ በቦዩ ውስጥ ያለውን ጀልባ በገመድ ይጎትቱ ነበር አሉ። እኔም «የበቅሎ መንገድ» ብዬ ስም አውጥቼለት ነበር። በከተማው ያለውን ዳገት ሁሉ ሳይቆም ይወጣ የነበረ ሰው አንድም ዳገት የሌለበት መንገድ መምረጡ አይገባኝም ነበር። «ሸመገልክ እንዴ?» ስለው «ሃያ አራት ዓመት ቀላል መሰለህ?» ብሎ ይስቅ ነበር።

ወንድሜ ከሳይክል ወድቆ ከሞተ አራት ወር አልፎታል። አሁን እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በጁን በእሱ ፋንታ እኔ ልምጣ? በሜይ አሥራ ሰባት ዓመት ይሞላኛል፤ ትምህርት ቤትም በጁን መጀመሪያ ይዘጋል። ሳይክል አለ፤ የእሱ ሳይክል። ጎማው ቀጭን ነው፣ ጎኑ ላይ 25 ይላል። ለዚያ መንገድ ስንት ያስፈልጋል? የእሱን ሳይክል እንደያዝኩ ጎማውን ብቻ ብቀይር ደስ ይለኛል።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ከኦክቶበር ወዲህ በቤታችን ሳይክል የሚል ቃል ተነሥቶ አያውቅም። እርስዎ የአባቴ ጓደኛ ስለነበሩ ምናልባት እርስዎን ትሰማ ይሆናል።

ሌላ ደግሞ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ በጎማ ጎን ላይ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ አይደል? ጎማው ተገልብጦ ቢገባ ሰው ሊጥል ይችላል? ቁልቁለት ላይ ማለቴ ነው።

ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማያግዝዎት አክሊሉ ስለነገረኝ ነው እንደ እሱ በወረቀት የጻፍኩት። በፊደሌ አይሳቁ፤ ከአዲስ አበባ ስመጣ ገና አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

አክባሪዎ ቂርቆስ

*

ዊሊያምስፖርት፣ ሜሪላንድ
ማርች 5፣ 2025

ልጄ ቂርቆስ፣

ፊደልህ ከወንድምህ ፊደል ይሻላል። የእሱን ለማንበብ መነጽሬን ሁለት ጊዜ እወለውል ነበር።

ልምጣ ወይ ላልከው፣ ና። ግን እናትህ «ሂድ» ስትልህ ብቻ። ወርቂቱን ከአባትህ ጋር ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ አውቃታለሁ። ልጇን በስውር ወስጄ ከእሷ ጋር መፋጠጥ በዚህ ዕድሜዬ አልችልም።

ስለ ጎማው ልንገርህ። 25 ጎማ አይደለም፣ ቢላ ነው። አስፋልት ላይ ይበራል፤ እዚህ ግን መንገዱን እየቆረጠ ይሰምጣል። መንገዳችን የተፈጨ ድንጋይ የለበሰበት ቦታ አለ፣ አፈር ብቻ የሆነበትም አለ። የዛፍ ሥር ያቋርጠዋል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ነው። ከ38 በታች ይዘህ እንዳትመጣ፤ 40 ወይም 42 ቢሆን እመርጣለሁ።

አሁን የማትወደውን ልናገር። ሂድና የወንድምህ ሳይክል ጎማ ከቴላዮው፣ ከሳይክሉ አጥንት ጋር በሚቀራረብበት ቦታ ትንሿን ጣትህን አስገባ። አትገባልህም። ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው፤ ሰፊ ጎማ አይቀበልም። ቢቀበል እንኳ ጭቃው ይሞላውና መዞር ያቆማል። ደግሞም አክሊሉ ካንተ በአንድ ራስ ይበልጥ ነበር። በሌላ ሰው ልክ በተሠራ ሳይክል ስድስት ቀን የሄደ ሰው ስድስት ወር ወገቤን ይላል። ሌላ እንፈልግልሃለን። ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ፤ ይበልህ።

ቀስቱን በተመለከተ፣ ተገልብጦ የገባ ጎማ ሰው አይጥልም። በወጣትነቴ አዳማ ሳይክል ስጠግን ግማሹን ገልብጬ ሳላስገባ አልቀረሁም፤ ቀስት የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ማንም ወድቆ አልከሰሰኝም።

ግን «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ብሎ የጠየቀ ሰው ለማወቅ ያህል ጠይቆ አያውቅም። ጎማውን ያስገባው ማን ነው?

ሆርዶፋ

*

ክሪስታል
ማርች 14፣ 2025

ጋሽ ሆርዶፋ፣

እኔ ነኝ።

ደብዳቤ ያለ ሰላምታ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ግን ይህን ሳልጽፈው የምቀር መሰለኝ። እንዴት ሰንብተዋል? ጎማውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አክሊሉ በአየር ማረፊያው ተሽከርካሪ ወንበር ሲገፋ ውሎ ደክሞት መጣ። «ቂሮ፣ የኋላው ጎማ አልቋል፤ አዲሱን አስገባልኝ፣ እጅህ ከእኔ እጅ ይሻላል» አለኝ። እጄ ከእሱ አይሻልም። ተኝቶ ስልኩን ሊያይ ፈልጎ ነው። እኔም በአንድ ዓይኔ ኳስ እያየሁ አስገባሁት። ቀስቱን አላየሁም። የውስጡ ጎማ በውጪው ጠርዝ ሥር ተቆንጥጦ እንደሆነም አላየሁም። እስከ ስንት እንደነፋሁት አላስታውስም። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። እሑድ ጠዋት ይዞት ወጣ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሰው ሁሉ «ከሳይክል ወድቆ ነው» ይላል። ሊነዳ የሄደው ቁልቁለት ያለበት መናፈሻ ነው። ሳይክሉን ጎረቤታችን ጋሽ ዋለ አምጥተው ምድር ቤት አስቀመጡት። እኔ እስከ ዲሴምበር አልወረድኩም። ስወርድ የኋላው ጎማ ተንፍሶ መሬት ላይ ተለጥፏል። በዚያው ተመልሼ ወጣሁ፤ ጣቴን አስገብቼ እንድለካ ሲሉኝም አልወረድኩም፤ ይቅርታ።

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም በልቤ «ፈጣሪ ጎማ አልቀየረም» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት በፊዚክስ ክፍል ስለ ሰበቃ ስንማር መምህሩ የሳይክል ጎማ ሰሌዳው ላይ ሣለ። አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

እናትህ ታውቃለች ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አታውቅም። ብታውቅ በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ነው የምታጣው። ያ መንገድ ላይ ልሂድ ያልኩትም ለዚህ ነው። እሱ ሊሄድ የነበረውን ከሄድኩለት የሆነ ነገር የከፈልኩ ይመስለኛል። አሁን ይህን ካወቁ በኋላ አትምጣ ቢሉኝ አልቀየምም።

ቂርቆስ

*

ዊሊያምስፖርት
ማርች 22፣ 2025

ልጄ፣

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ይህን ጻፍኩ። አጭር ስለሆነ ይቅር በለኝ።

ና ብዬሃለሁ፤ ቃሌን አላነሣም።

አሁን ደግሞ ወደ ምድር ቤት ውረድ። መልሱን አስቀድሜ አልነግርህም፤ ከነገርኩህ «ሊያጽናናኝ ነው» ትላለህ። ሰው ያባብላል፤ ዕቃ አያባብልም። ስለዚህ ዕቃውን ጠይቀው።

መጀመሪያ ሳይክሉን ብርሃን ወዳለበት አውጣና እየዞርክ እየው። የመሪውን ጫፍ፣ የፍሬኑን እጀታ፣ ፔዳሉን፣ የኮርቻውን ጎን። ቁልቁለት ላይ ሰው ጥሎ የተንሸራተተ ሳይክል ከእነዚህ ባንዱ ሳይፋቅ አይቀርም። ሃያ ዓመት የወደቁ ሳይክሎችን አክሜያለሁ፤ አንድም ሳይጫር የመጣ አላየሁም።

ቀጥለህ የኋላውን ጎማ በደንብ ንፋውና ሳትነካው ለነገ ተወው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት በአውራ ጣትህ ተጫነው።

በመጨረሻም የውስጡን ጎማ፣ እኛ ከመነዳሪ የምንለውን፣ አውጣው። ነፍተህ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ዙሪያውን እየጨመቅህ አረፋ ፈልግ። በጠርዝ ተቆንጥጦ የተጎዳ ከሆነ እባብ እንደነደፈው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን ታገኛለህ።

ያየኸውን ጻፍልኝ። የፈራኸውን አይደለም፤ ያየኸውን።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የማውቀው፣ አንተ የማታውቀው ነገር አለ። እንድናገረው የተሰጠኝ አይደለም። ዛሬ ለእናትህም ጽፌአለሁ፤ ያንተን ምስጢር አልነካሁም፤ የራሷን እንድትነግርህ ብቻ ለመንኳት።

ሆርዶፋ

*

ክሪስታል
ኤፕሪል 6፣ 2025

ጋሽ ሆርዶፋ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ዛሬ ሰላምታ የምጽፈው ከልቤ ነው።

ያየሁትን ልንገርዎት። ሳይክሉን ወደ መስኮቱ አወጣሁት። መሪው አልተጫረም። የፍሬኑ እጀታ አልተጫረም። ኮርቻው ላይ አቧራ ብቻ አለ። ፔዳሉ ላይ የሱ ጫማ ያበላሸው ቀለም አለ፤ እሱ ግን ድሮም የነበረ ነው። ሁለት ጊዜ ዞርኩት፣ ከዚያ በስልኬ መብራት ዞርኩት። ምንም የለም።

ጎማውን ነፋሁት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሄጄ ተጫንኩት፤ እንደ ድንጋይ ነው። ሦስት ቀን ተውኩት፤ ያው ነው። ለካ ቀጭን ጎማ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ይተነፍሳል፤ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት። እርስዎ ግን ይህን እያወቁ አልነገሩኝም፤ ጨካኝ ነዎት፤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የመጨረሻውን ለማድረግ የእማዬን የልብስ መዘፍዘፊያ ሳህን ውሃ ሞልቼ ምድር ቤት ተቀመጥኩ። ከመነዳሪውን እየነከርኩ ስጨምቅ እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምን እያደረግህ ነው በዕቃዬ?»

«ቀዳዳ እየፈለግሁ ነው።»

«አገኘህ?»

«የለውም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የእርስዎ ደብዳቤ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሳምንት እንደቆየ ኋላ ነው ያወቅሁት። «አልወደቀም» አለች።

«ማን?»

«ወንድምህ። አልወደቀም። ውሻዋን ይዛ የምትሄድ ሴትዮ አይታዋለች። ቀስ አለ፣ ቆመ፣ ወረደ። ሳይክሉን ሣሩ ላይ አስተኝቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ውሃ ላምጣልህ ስትለው እጁን አነሣላት፤ ደህና ነኝ እንደማለት። ስትመለስ...» እዚያ ላይ አቆመች። «ልቡ ነው፣ ቂሮ። እንደ አባትህ።»

አባቴን አላስታውሰውም፤ ሲሞት ሁለት ዓመቴ ነበር። «በድንገት» ብቻ ነበር የሚባለው። የአክሊሉ የልብ ጡንቻ እንደ አባቴ የወፈረ መሆኑን ሐኪም ያገኘው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እሽቅድምድም ተው፣ ዳገት ተው፣ ሜዳ ላይ ቀስ እያልክ ንዳ ብለውታል። የበቅሎ መንገድ የመረጠው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ሽማግሌ እያልኩ እስቅበት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ልጅ ነሃ! ደረጃ በወጣህ ቁጥር ደረትህን እየያዝክ እንድትኖር ነው? ሰውስ ቢሰማ? የቤተሰብ በሽታ ነው ብሎ ስም ሲያወጣብህ፣ ነገ ማን ልጁን ይሰጥሃል? ወድቆ ነው አልኩ። ወድቆ ነው ማለት ቀለለኝ።»

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። ቅዳሜውን፣ ኳሱን፣ ቀስቱን፣ ሁሉንም። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማችኝና ደረጃውን በመዳፏ መታችው።

«አምስት ወር?»

«አምስት ወር።»

«ይህን በሆድህ ይዘህ ነው ቁጭ ብለህ ፓስታ የምትበላልኝ? ምነው አንተ ልጅ! ምነው ቂሮ!»

ተቆጣችኝ፣ አቀፈችኝ፣ ደግሞ ተቆጣችኝ። እጄ እርጥብ ስለነበረ ነጠላዋን አበላሸሁት፤ አልተናገረችኝም።

«እኔስ?» አልኳት፤ «የእኔ ልብ?» «ትዝ ይልሃል» አለች፣ «በኖቬምበር ለትምህርት ቤት ስፖርት ቼክአፕ ብዬ የወሰድኩህ?» ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው በማሽን ያዩኝ ጊዜ ነው። እኔ ያለሁት የቼዝ ክለብ ውስጥ ነው። ለቼዝ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜም ገርሞኝ ነበር። ልቤ ደህና ነው፣ ጋሽ ሆርዶፋ። ደሜንም አይተውታል፤ አክሊሉ ዘንድ የነበረው እኔ ዘንድ የለም።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ከመነዳሪው አረፋ እንዳላወጣ ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር እፎይታ ነው። ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ወንድሜ ሞቶ እኔ ሳቅሁ። ይህ ነውር ነው?

ቂርቆስ

*

ዊሊያምስፖርት
ኤፕሪል 23፣ 2025

ልጄ ቂርቆስ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።

ነውር አይደለም። ሰው የእሱ ያልሆነ ሸክም ሲወርድለት እፎይ ይላል፤ በቅሎም ትላለች። አክሊሉ ቢሰማ የሚቆጣህ ሳቅህ ብሎ ሳይሆን አምስት ወር ጠበቅህ ብሎ ነው።

ነውሩ የኛ ነው፤ የትልልቆቹ። አክሊሉ ስለ ልቡ በደብዳቤ ነግሮኝ «ቂሮ እንዳይሰማ፤ ከጉዞው ስመለስ ራሴ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ» ብሎ አስምሎኝ ነበር። ከሞተ በኋላ መሐላው የፈረሰ መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን ያዝኩት። መርዶ ሊነግር ሄዶ በር ላይ ቆሞ እንደተመለሰ ሽማግሌ ነኝ። ሕፃን እንዳይደነግጥ ብለን ደበቅን፤ ሕፃኑም ባዶ ቦታውን በራሱ ጥፋት ሞላው። ይቅር በለኝ።

እናትህ ሂድ እንዳለችህ ጽፋልኛለች፤ በስድስት መስመር ሰባት ማስጠንቀቂያ አለበት። ስለዚህ ወደ ሥራችን እንግባ።

ስፕሪንግ ያለው የተራራ ሳይክል ምቾት አለው፤ ግን ከባድ ነው። ሜዳ ላይ ስድስት ቀን ሙሉ ስፕሪንጉን አንተ ትሸከመዋለህ እንጂ እሱ አንተን አይሸከምህም። መሪው ወደ ታች የታጠፈውን ካልለመድከው ተወው፤ አንገትህ ያምሃል። ቀጥ ያለ መሪ፣ ስፕሪንግ የሌለው፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳ ያለው ተራ ሳይክል ፈልግ። አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። በእግሮችህ መሀል አድርገኸው ስትቆም ሁለቱም እግርህ መሬት ይንካ፤ ኮርቻው ላይ ሆነህ ስትነዳ ጉልበትህ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ።

ጎማው 40 ይሁን። መሀሉ ለስለስ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው ምረጥ። ሁለንተናው ጥርስ የሆነው ጭቃ ይሰበስባል፤ ጥርስ የሌለው ጭቃ ላይ ይጨፍራል። በጎማውና በአጥንቱ መካከል አንድ ጣት ይግባ። ጎማውን እንደ ድንጋይ አትንፋው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እሺ የሚል ይሁን።

አስገቢው ግን አንተ ራስህ ሁን። ለባለሱቅ አትስጥ።

ሆርዶፋ

*

ክሪስታል
ሜይ 18፣ 2025

ጋሽ ሆርዶፋ፣

ተገዛ! አረንጓዴ ነው። ይህን ያስቀደምኩት የሳይክሉ ቀለም ምን ይሁን ብዬ ብዙ ስላሰብኩ ነው፤ እርስዎ ስለ ቀለም አንድም ቃል አልጻፉም።

ሚኒያፖሊስ ያገለገለ ሳይክል የሚሸጥበት ሱቅ አለ። እማዬ «እኔም እመጣለሁ» አለችና የሥራ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ መጣች። እርስዎ ያሉትን በወረቀት ይዤ ነበር፤ እሷ ግን ወረቀት አላስፈለጋትም። የእያንዳንዱን ሳይክል ወገብ እየጨበጠች፣ እያነሣች፣ እያስቀመጠች ሄደች፤ የፋሲካ በግ የምትመርጥ ነበር የምትመስለው። የምትሸጠዋ ልጅ ሳቋን ይዛ ቆየችና በአማርኛ «እማማ፣ ጥርሱንም ልክፈትልዎት?» አለቻት። ሐበሻ ናት፤ ዮሐና ትባላለች።

እማዬ አላፈረችም። «አንቺ አማርኛ እያወቅሽ ነው ይህን ያህል የምታለፊኝ? በይ ነይ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ የቱ ነው የማይጥለው?»

«የሚጥል የለንም። የሚወድቅ ግን አለ።»

«የእኔ ልጅ አይወድቅም» አለች እማዬ። ከዚያ የያዘችውን ሳይክል ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ዮሐና ስፕሪንግ ያለውን ልትሸጥልኝ ፈልጋ ነበር። ስድስት ቀን የቦይ ዳር መንገድ እንደምሄድ ስነግራት ራሷ ከእጄ ቀማችኝና አረንጓዴውን አመጣችው። ከኋላ የዕቃ መጫኛ ቀዳዳ አለው። በጎማውና በአጥንቱ መካከል ጣቴን ሳስገባ «ማን አስተማረህ?» አለችኝ። አዳማ ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩ ሰው አልኳት። ጎማው ያሉት ዓይነት ነው፤ 40፣ መሀሉ ለስላሳ። «ላስገባልህ?» ስትል እማዬ ቀደመችኝና «እሱ ነው የሚያስገባው» አለች።

አስገባሁ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቀስቱን አራት ጊዜ አየሁት። ጠርዙን ዙሪያውን በጣቴ እየዳሰስኩ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። እማዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አስተያየት ስትሰጥ ነበር፤ «ኧረ ቀስ!»፣ «ያኛውን ጎን አየኸው?»። መጨረሻ ላይ «ወንድምህ በዚህ ሰዓት ዋሽንግተን ገብቶ ነበር» አለች። ስሙ ከተነሣ በኋላ ሁለታችን ስንስቅ የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው።

አውቶቡስ አላምንም ብላ ራሷ እስከ ከምበርላንድ ድራይቭ ታደርጋለች። እኛ ስንነዳ እሷ ዋሽንግተን ዘመዶቿ ጋ ትሰነብትና መጨረሻው ላይ ትጠብቀናለች። እርስዎ በቀን ከሠላሳ አምስት ማይል በላይ እንዳይወስዱኝ፣ እኔ ደግሞ እርስዎን እንዳላስቸኩልዎት ታዛለች። ሁለታችንንም ነው የምትቆጣው።

ቂርቆስ

*

ክሪስታል
ጁን 29፣ 2025

ውድ ጋሽ ሆርዶፋ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ በደብዳቤ ነው የምጠይቀው እያልኩ አናድዳታለሁ። እኛ በደህና ገባን። ጆርጅታውን ላይ ስታየን «ይህ ምን ዓይነት ጭቃ ነው! ቦዩን ነው የጠጣችሁት?» ያለችውን ለዘመዶቿ ሁሉ በስልክ እየደገመች ነው። ሳይክሉን አጥቤዋለሁ። ሰንሰለቱን እንዳሳዩኝ በዘይት አሽቻለሁ። አንድም ቀን ጎማ አልተቀደደብኝም፤ የእርስዎ ሁለት ጊዜ መቀደዱን ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ያልጠየቁኝን ልመልስልዎት።

በሁለተኛው ቀን፣ ከረጅሙ ዋሻ ወጥተን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ከጆርጅታውን ሲቆጠር ከመቶ አርባኛው ማይል ምልክት አጠገብ «ጎማዬ የቀነሰ መሰለኝ» ብዬ ቆምኩ። ጎማዬን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። «ጥሩ፣ እየው» ብለው ወደ ፊት ሄዱና ከዛፎቹ ማዶ ተቀመጡ። ስመጣ ምን ሆኖ ነው አላሉኝም። ብርቱካን ብቻ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላም እስከ ጆርጅታውን አልጠየቁኝም።

ከኦክቶበር ጀምሮ ብዙ አልቅሻለሁ። ግን ሳስበው ያለቀስኩት ለራሴ ነበር፤ ምን አደረግሁ እያልኩ፣ ቢያውቁብኝስ እያልኩ። በሰው መሀል ሳለቅስ እንኳ በአንድ ዓይኔ ማን እንደሚያየኝ እጠብቅ ነበር። ለአክሊሉ የቀረ ቦታ አልነበረም። በዚያ ቀን ግን የምፈራው ነገር አልነበረኝም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ከላይ ተገናኝቷል፣ ቦዩ ውስጥ አንድ ኤሊ ግንድ ላይ ወጥቶ አንገቱን ዘርግቷል። ለአክሊሉ ላሳየው ብዬ ዞርኩ። እንዲሁ፣ ሳላስበው፣ አፌን ከፍቼ ዞርኩ።

ጎማው ደህና ነበር። አልነካሁትም። አክሊሉ ናፍቆኝ ነው የቆምኩት።

ልጅዎ ቂርቆስ